የወንድሜ ወረቀት ጎባ ነው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ብዕሩን የያዘችው ካሳነሽ ናት፤ የወንድሜ የደጀኔ ልጅ። እጁ የሷ፣ ቃሉ የኔ የለገሰ። አንተ ደብተር፣ ይህን ከአሁኑ ልብ በል። ፊደል አልቆጠርኩም። በአማርኛም በኦሮምኛም እናገራለሁ፤ በሁለቱም አላነብም። አፌ ግን ለማንም አይመለስም።

ዛሬም ሮቤ የዞኑ ጽ/ቤት ደርሼ መጣሁ። ሦስተኛዬ። በጋሪ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ፣ ንዴቴ እንዲበርድ። አልበረደም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። በደርግ ጊዜ ወንድሜ የተከሰሰበትን ወረቀት አልኳት። ፋይል ቁጥሩስ አለች። ቁጥሩን ባውቅ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ? ሳቀች። የካሳነሽን ማመልከቻ አየት አድርጋ አስቀመጠችና በኦሮምኛ ቦሩ ኮታ አለችኝ፣ ነገ ይምጡ። ሐሙስም ነገ ብላኛለች። ዓርብም ነገ ብላኛለች። ነገ በሁለቱም ቋንቋ አይደርስም።

ለምን እንደጀመርኩህ ልንገርህ። አንዴ ነው የምነግርህ። ወንድሜን በወረቀት ነው የገደሉት። ስንዴ ሊታጨድ የደረሰበት ሰሞን ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽፈራው፣ ደጀኔ እህል ደብቋል፣ ለሽፍታ አብልቷል ብሎ ጻፈበት። የደበቀውስ ደብቋል። ለመንግሥት ኮታ አልሰጥም ያለውን ገብስ ጉድጓድ ቀብሮ፣ ልጆች ይራባሉ ብሎ። ሽፍታ በዓይኑም አላየ። ጎባ አሰሩት። በአራተኛው ወር ሞተ አሉን። ሬሳውን ከልክለውን ለጋቢው ፈርሙ አሉን። ካሳነሽ ያኔ እናቷ ሆድ ውስጥ ናት። ስሟን ያወጣሁት እኔ፣ እናቷ ስትሞት ያሳደግኳትም እኔ። አባዬ ትለኛለች።

ሽፈራው ዛሬም አለ። ጎባ። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለው። ነሐሴ ላይ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ቆሞ ሲያጽናና፣ በዘመኔ እጄን ደም አልነካውም አለ። ሰው አሜን አለ። እኔ ንፍሮዬን ከነሳህኑ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአገር ሽማግሌዎችን ጉማ ጠየቅኳቸው። የደም ዕርቅ። ዛፍ ሥር፣ ገዳይ በአንድ ወገን መሬት ላይ፣ የደም ባለቤት በሌላው ወገን በርጩማ ላይ። ሽፈራውን አፈር ላይ ቁጭ አድርጌ ከላይ ልየው። ሽማግሌዎቹ ግን፣ እሱ አልጻፍኩም ይላል፣ አንተ ጽፏል ትላለህ፤ ወረቀቱን አምጣ አሉኝ። ቀጠሮ ኅዳር 14፣ ከሚካኤል በኋላ ያለችው ቅዳሜ። ካላመጣሁ ሁለተኛ ስሙን በክፉ ላላነሣ እምላለሁ። አፌን በመሐላ ሊሰፉት ነው።

በወረቀት ገደለ። በወረቀት ይያዛል። ጻፊው ይህን፣ ካሳነሽ። አድምቂው።


ጥቅምት 6፣ ረቡዕ።

ማመልከቻው ተመለሰ። ካሳነሽ በአማርኛ አሳምራ ጽፋው ነበር፤ አስተማሪ አይደለች እንዴ። ጽ/ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው ተባልን። እውነት ነው፤ ይህን አልጠላሁም። የጠላሁት ልጅቷ ሰኞ አይታው ዝም ማለቷን ነው። ካሳነሽ በምሳ ሰዓት ከት/ቤት መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ደብተር ጉልበቷ ላይ አድርጋ በኦሮምኛ ጻፈችው።

ከታች አሻራ። ልጅቷ የማኅተም ቀለሙን ገፋ አደረገችልኝ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። አየችውና አባባ ተበላሽቷል፣ ይድገሙት አለች። ደገምኩ። አሁንም። ሦስተኛ ደገምኩ። አልተበላሸም። ልጅ ሆኜ ማጭድ በልቶኛል፤ ጠባሳው ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓው በሰያፍ ወርዷል፣ ቀለም አይዝም። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ይሄው ነው ፊርማዬ፣ የተወለወለ ጣት ከፈለግሽ ከራስሽ ቁረጪ አልኳት። ካሳነሽ በክርኗ ወጋችኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ብቅ አለ። ለጋ ነው፣ ፂሙ ገና አልገጠመም። አባባ፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፣ ለጤናዎ አይጠቅምም አለኝ። ወንድም አለህ? አልኩት። አለኝ አለ። ሲሞት እመጣና ያለፈ ነገር ነው ብዬ አጽናናሃለሁ።

ፊቱ ጠቆረ። ግን መራኝ። የደጀኔ ወንድም መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አምጣ አለኝ። ሰባ ዓመት ወንድሙ ነኝ። አሁን ማስረጃ።


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ። ጠዋት።

ጽ/ቤት ዝግ። ቤት ዋልኩ። ስንዴው ቢጫ መምታት ጀምሯል። ሊታጨድ ሲደርስ ነው ደጀኔን የወሰዱት።

ደጀኔ ታናሼ ነው። ከኔ ይለሰልሳል። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ገባ፣ በሦስት ወር ማንበብ ቻለ። ና ለገሰ፣ አብረን እንማር አለኝ። ከአማቶቼ ጋር ተደርድሬ ሀ ሁ ልል? እንቢ አልኩ። እንግዲያስ ወረቀት ሲሰጡህ ለኔ አሳየኝ አለ። ለአንተ ለታናሼ? አልኩት። ሳቀ። የሚስቀው በአንድ ጎን ነው። ካሳነሽም በአንድ ጎን ነው የምትስቀው። ይህን ስነግራት አሁንም ሳቀች። በዚያው ጎን።

ሽፈራው በየት በኩል እንደሚስቅ አላውቅም። ኅዳር 14 እንዴት እንደሚያለቅስ አያለሁ።


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ። ከሰዓት።

አለቀ! የቀበሌውን ደብዳቤ አገኘሁ። ሦስት ምስክር ቆመልኝ። አንዱ ምስክር ከደጀኔ ሞት በኋላ የተወለደ ነው፤ ግድ የለም፣ ማኅተሙ ክብ ነው።

በቀጥታ ወደ ጽ/ቤቱ። የክፍሉ ኃላፊ ተቀበለኝ፣ አንድ ቅጽ አወጣ፣ እዚህ ላይ ያሳርፉ አለኝ። ላንብብልዎት? አለ። ከኋላዬ ስምንት ሰው ተሰልፏል። አንዱ የጎረቤቴ አማች ነው። እንደ ሕፃን ሰው ፊት ሊነበብልኝ? አውቀዋለሁ አልኩ። አሳረፍኩ። አንዱን ቅጂ ለኔ ሰጠኝ። ኪሴ ውስጥ ነው። ካሳነሽ አሁን ከት/ቤት ገብታ ምሳ እየበላች ነው የምትጽፈው፣ ወጥ አንጠባጥባብሃለች። ቅጂውን ነገ ታየዋለች። ዛሬ ልደሰት።

ሽፈራው፣ መጣሁብህ።


ጥቅምት 15፣ ዓርብ።

ካሳነሽ ቅጂውን አነበበች። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ቅጹ የሚለው፣ የጠየቅኩትን መረጃ ተረክቤያለሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ጥያቄ የለኝም ነው። ከሥሩ ጣቴ። ከነመስመሩ።

አባዬ፣ ሳይነበብልዎ ለምን ያሳርፋሉ? አለችኝ። ተማሪዋ ነኝ እንዴ! ጮህኩባት። አፌ ያመጣውን ሁሉ አልኳት። እሷም ዝም አላለችም። ላንብብልዎት ብሎዎት ነበር? ብሎኝ ነበር። ታዲያ? ታዲያ ምን! ወጥቼ በረት ሄድኩ። በሬው እንኳ ፊቱን አዞረብኝ።

በኋላ አብራኝ ሄደች፣ አስፈቅዳ። ልጁ አየው፣ ደነገጠ። ቅጹን ከሌላ ክምር ነው ያነሣሁት አለ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሁለቱንም ቅጂ እፊቴ ቀደደ። እኔ ያመንኩት ግማሹን ነው። ካሳነሽ ሙሉውን አመነች። ከዚያ ትክክለኛውን ደብዳቤ ጻፈልን፤ ካሳነሽ አንብባልኝ አሳረፍኩ።

ወረቀቱ ሮቤ የለም። ያኔ ዋናው ከተማ ጎባ ነበር። ሹመቱ ወደ ሮቤ ሲወርድ ወንበሩን ጭነው መጡ፣ የድሮውን ወረቀት ማን ይሸከመው፣ እዚያው ቀረ። መጋዘን ውስጥ። የወንድሜ ወረቀት ጎባ ነው። ወንድሜም ጎባ ነው፣ የት እንደተቀበረ ባላውቅም።

ይህን ለማወቅ ብቻ ስንት ቀን።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ።

ጎባ። በሚኒባስ፣ ብቻዬን። ካሳነሽ ፈተና ላይ ናት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አገሬ ነው፣ ግን ይሰብራል።

የመጋዘኑ ጠባቂ ኦቦ አማን ይባላሉ። ግራጫ ካፖርት። ጡረታቸው ደርሷል። ደብዳቤዬን አነበቡ፣ ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። በዚህ ሁሉ ቀን ወንበር የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው። የድሮውን የአማርኛ እጅ ጽሕፈት የሚያነብ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ ልጆቹ ቁቤ ነው የተማሩት አሉኝ።

ወረቀቱ በስም አልተቀመጠም። በዓመት በዓመት ታስሮ፣ በቃጫ ገመድ፣ እስከ ጣሪያ። ዓመቱን ያውቁታል? አሉኝ። ቁጥሩን አላውቅም። መንደር ግቡ ተብለን ቤታችንን ባፈረስንበት በዓመቱ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ሁለት እስር ነው። ወሩስ? ስንዴ ሊታጨድ ሲል። ኅዳር ወይ ታኅሣሥ አሉና ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። መጀመሪያ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ይታያል፤ በየቀኑ የገባው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል፤ እሱ ቁጥሩን ይሰጠናል፣ ቁጥሩ ደግሞ ወረቀቱን፣ ኢንሻአላህ። ሮቤ ይሄን ማን ነገረኝ? ማንም።

ሲሠሩ አየኋቸው። ገመዱን አይቆርጡም፣ ይፈቱታል። አቧራውን አይነፉም፣ በጨርቅ ያነሱታል። እንደ ሬሳ ነው የሚይዙት።

ስወጣ ማንን አገኘሁ? ሽፈራውን። ከዘራውን እያንኳኳ። ወሬ እግር አለው፣ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ለገሰ ወንድሜ! ብሎ እጁን ዘረጋ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ። የቆየ ወረቀት ትፈልጋለህ አሉኝ አለ። እፈልጋለሁ አልኩ። አቧራው ሳል ያመጣብሃል። ያንተን ቀብር ሳላይ አልስልም አልኩት። ሳቀ፣ በሙሉ አፉ፤ አየኸው፣ በሁለቱም ጎን ነው። ደግሞስ ቢያገኙልህ ማን ያነብልሃል? አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ለራስህ ስል ነው፣ ፈልገህ እንዳታገኝ ጸልይ አለ።

ፈርቷል። አንተ ደብተር፣ ፈርቷል! በአርባ ዓመት ዛሬ ገና ፈራ። ከዘራውን ነጥቄ ባንገቱ ላሳልፍለት እጄ አሳከከኝ። ተውኩት። አፈር ላይ ነው የምፈልገው፣ አስፋልት ላይ አይደለም።


ጥቅምት 25፣ ሰኞ።

ጎባ ሄድኩ። ኦቦ አማን የሉም። ጉንፋን። ቁልፉ ከሳቸው ጋር ነው። የአገር ሰነድ በአንድ ሰው ጉንፋን ተቆልፏል። ተመለስኩ።


ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ። ጠዋት።

ሁለት ሳምንት ቀረኝ። ሽማግሌዎቹ መልእክት ላኩ፤ ከሌለ የለም ብለህ ቶሎ ንገረን፣ ሰው እንዳይሰበሰብ ብለው። ሽፈራው እንዳስላከብኝ አውቃለሁ። ሰው ይሰበሰባል አልኳቸው። ድንኳን ጣሉ አልኳቸው።

ካሳነሽን አስጠናኋት። ወረቀቱን የምታነብ እሷ ናት፣ የሟች ልጅ። እኔ በርጩማው ላይ ከጎኗ። ሽፈራው አፈሩ ላይ። በአባትሽ ስም ላይ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ፣ በሱ ስም ላይ እንደ ጅራፍ ይጩህ አልኳት። ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ጸጥ አሰኛለሁ፣ አንድ ሽማግሌ አያቅተኝም አለች።

ይህቺ ልጅ የኔ ናት። ደጀኔ ወለዳት እንጂ ምላሷ የኔ ነው።


ኅዳር 2፣ ሰኞ።

ተገኘ።

ኦቦ አማን አገኙት። ቅጂው ታተመበት፣ ትክክለኛ ቅጂ ነው ተብሎ። ኪሴ ውስጥ ነው። የሽፈራው ፊርማ አለበት። ሦስት ምስክር አለበት፣ በአሻራ።

ምስክሮቹ እነማን ናቸው አለች ካሳነሽ። ሁለቱን ነገርኳት። ሁለቱም ሞተዋል። ሦስተኛውስ? ቀለሙ ደብዝዟል አልኳት። ላንብበው አለች። ደክሞኛል አልኩ።

ዝጊው። በቃ።


ኅዳር 3፣ ማክሰኞ።

ዛሬ የሚጻፍ የለም።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ።

ካፖርቴን አላወልቅም። ብርድ ነው። ምን ታዪኛለሽ? ብርድ ነው አልኩሽ። አትጻፊው ይህን። ጻፍሽው? ይሁን።

ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። ወሬው ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ሳምንት ዛፍ ሥር ያስጠርጋሉ።   ወጡ ጨው በዝቶበታል አልኩ፤ ካሳነሽ ቀምሳ አልበዛም አለች።

ሽፈራውን እንደ ድሮው ልስደበው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የሚወጣው ስድብ እኔው ላይ ይመለሳል።

ዝጊው።


ኅዳር 8፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ካሳነሽ፣ የምልሽን ሁሉ ጻፊ። እንደወጣ። አታሳምሪ፣ አትዝለዪ። እጅሽ ቢያቆም እኔም አቆማለሁ፣ ሁለተኛ ግን አልጀምረውም።

ቀለሙ አልደበዘዘም። ሰኞ የዋሸሁት ነው።

ሰኞ ኦቦ አማን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ደጀኔ እህል እንደቀበረ፣ ለሽፍታ እንዳበላ፣ እኛም በዓይናችን እንዳየን። ከዚያ ምስክሮቹ። አንደኛ እገሌ። ሁለተኛ እገሌ። ሦስተኛው ላይ አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ። መታወቂያዎን እስቲ ይስጡኝ አሉኝ። ቀድሞ አይተውት ነበር። ሰጠኋቸው። መታወቂያውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ።  ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት።

እኔ ፊደል አላነብም። በዚህ ዓለም የማነበው ነገር አንድ ነው። ሦስተኛው አሻራ መሃል ለመሃል ነጭ መስመር አለበት። ከጫፍ እስከ አንጓ፣ በሰያፍ።

የኔ ነው። የአባትሽ ክስ ላይ ያለው ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ።

ወላሂ ባላዞረው ይሻለኝ ነበር አሉ ኦቦ አማን። ወንበሩ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ከዚያ አስታወስኩት። ጨው ጠፍቶ ነበር ያን ሰሞን። የማኅበሩ ሱቅ ጨው መጣ ተባለ። ተሰለፍን። ሽፈራው ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የጨው ዝርዝር ነው፣ ስማችሁ ሲጠራ አሳርፉ አለን። እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ቦታ አሳርፍ አለኝ። አንዱ ወረቀት ከሌላው ሥር ነው። ይሄኛው ምንድን ነው አልኩ። ያው ነው፣ ካላመንከኝ ደጀኔን ጥራና ያንብብልህ አለኝ። ሰው ሳቀ። ለታላቁ ታናሹ ያንብብለት ብለው ሳቁ። ደጀኔ እዚያው ነበር፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ። ሃያ እርምጃ። አልጠራሁትም። ሰው ፊት! አሳረፍኩ። ጨዉን ተቀብዬ ገባሁ። ማታ እናትሽ ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ደጀኔም በላ። በሳምንቱ ወሰዱት።

ሽፈራው አውቆ ነው የሠራው። ወንድሙ ራሱ መስክሮበታል ቢባል ማን ይጠይቃል? ለዚህ ነው አርባ ዓመት ዓይኔን እያየ ሲስቅ የኖረው። ጣቴን ጋሻ አድርጎ።

እጅሽ ቆመ። ጻፊ።

ወጥተሽ ነበር፤ ይህንንም ጻፊ። ብዕሩን ደብተሩ ላይ ጥለሽ ወጣሽ። በመስኮት አየሁሽ፣ ስንዴው ዳር ቆመሻል። ተመልሰሽ የምትመጪ አልመሰለኝም። አንቺን አልከተልኩም፤ ምን ብዬ? ተመለስሽ። ፊትሽን ታጥበሻል። አባዬ አላልሽኝም። ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር፣ ለምን ነገሩኝ? ብቻ አልሽኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ምድጃው አጠገብ አውጥቼዋለሁ። አንዴ ጫፉ ጠቁሯል፣ አሁን ታዪዋለሽ። ባቃጥለው አንቺ አታውቂም፣ አገር አያውቅም። ግን ሽፈራውም ነጻ ይወጣል። እኔ ላልናገር እምላለሁ፣ እሱ በየለቅሶው እጄ ንጹሕ ነው ይላል፣ ሰው አሜን ይላል። አሜን! ከዚህስ አፈር ልቅመስ። እሱን አቁሜ እኔ ብቻዬን ከምድን፣ አብሬው ብወድቅ ይሻለኛል። ይህ ቂም ነው ትዪኛለሽ። አዎ፣ ቂም ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። አንዳንዱን እውነት ከቂም ሌላ የሚያስወጣው የለም።

እንግዲህ የቆረጥኩት ይህ ነው።

ኅዳር 14 እሄዳለሁ። በርጩማው ላይ አልቀመጥም። በርጩማው ያንቺ ነው፣ የደም ባለቤት አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ የምቀመጠው ከገዳይ ወገን ነው። አፈር ላይ። ሽማግሌዎቹ ለገሰ ተሳሳትክ፣ ወገንህ ያ ነው ይሉኛል። አልተሳሳትኩም እላለሁ። ከዚያ ከዘራውን በያዘው እጁ እይዘውና፣ ና ሽፈራው፣ ቦታችን ይሄ ነው፣ አጠገቤ ተቀመጥ እለዋለሁ። ምስክሩ መሬት ከተቀመጠ፣ ጸሐፊው ቆሞ መቅረት አይችልም። ሊሸሽ ሲል ከሳሽ ሆኜ አልይዘውም፣ ተባባሪው ነኝ፣ ከተባባሪ ወዴት ይሸሻል?

ወረቀቱን ማን ያነባል? አንቺ አይደለሽም። ይህን አልጭንብሽም። ራሱ ሽፈራው ያንብበው። የጻፈው እሱ ነው፣ መነጽሩን ያድርግ። ማን ያነብልሃል ብሎኝ አልነበር? ካንተ የተሻለ አንባቢ ከየት ላምጣ እለዋለሁ። ሦስቱንም ስም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የኔን ስም ሲያነብ አንገቴን አልደፋም፣ አልሸሽምም።

ካሣውን አንቺ ትቆርጫለሽ። በሱም በኔም ላይ። እኔን ለማትረፍ ብለሽ ለሱ እንዳትራሪ። አደራ። ከዚያ በኋላ አባዬ ማለትና አለማለት ያንቺ ነው። አልለምንሽም። እለምንሻለሁ፤ ግን አትስሚኝ።

ይህንን ሽማግሌዎቹ እጅ የሚገባ ቃሌ አድርገሽ ጻፊው። ጣቴን ከሥሩ አሳርፋለሁ። የማኅተም ቀለሙን ከት/ቤት አምጥተሽ የለ፣ አቅርቢው። አይ፣ ቆይ። ገና።

መጀመሪያ ከላይ ጀምሪ። ብዕሩን የያዘችው ካሳነሽ ናት ከሚለው። የሽፈራው ስም ላይ ስትደርሺ ጩኺ። ጨዉ ላይ ስትደርሺም ድምፅሽን አትቀንሺ። ከእንግዲህ ሳይነበብልኝ ይህቺን ጣት የትም አላሳርፋትም። ጎረቤት ይስማ፣ መንገደኛ ይስማ፣ በሩንም ክፈችው።

አንብቢልኝ።